ራፋስቂስ በቅጥሩ ሥር የተናገረው



በ701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የአሦር ጦር የይሁዳን ከተሞች አንድ በአንድ ይይዝ ነበር። ንጉሡ ሰናክሬም ለኪሶን ከቦ ሳለ ራፋስቂስ የሚባለውን ባለሥልጣኑን ከብዙ ጭፍራ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ሰደደው። መልእክተኛው በላይኛው ኩሬ መስኖ አጠገብ፣ በልብስ አጣቢው እርሻ መንገድ ላይ ቆመ። የንጉሥ ሕዝቅያስ ሹማምንት ሊያነጋግሩት ወጡ። መጀመሪያ የተናገረው ከማንኛውም የጦር መልእክተኛ የሚጠበቅ ነው፤ በግብፅ መታመን ከንቱ እንደሆነ፣ ፈረስ ቢሰጣቸው እንኳ የሚጋልብ ሰው እንደማያገኙ ነገራቸው። ቀጥሎ ግን ያልተጠበቀ ነገር አመጣ። ይህችን አገር እንዲያጠፋ ያዘዘው የእነርሱው አምላክ፣ እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን ተናገረ።

ሹማምንቱ በሶርያ ቋንቋ እንዲያነጋግራቸው፣ በቅጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ በሚሰማው በአይሁድ ቋንቋ እንዳይናገር ለመኑት። እርሱ ይባስ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ በሕዝቡ ቋንቋም ቀጠለ።

ሹማምንቱን ያስጨነቃቸው ምን ነበር? የጦሩ ብዛት እንዳይሰማ ነው እንዳንል፣ ሕዝቡ ከቅጥሩ ላይ ሆኖ በዓይኑ ያየዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የከበዳቸው ሌላ ነገር ነው። ራፋስቂስ የተናገረው ኢሳይያስ በዚያችው ከተማ ለዓመታት ሲናገር የኖረውን ነው። አሦር የእግዚአብሔር የቁጣ በትር ነው ብሎ ያስተማረው ነቢዩ ነበር። አሁን ያንኑ ትምህርት የጠላት መልእክተኛ ከቅጥሩ ሥር ቆሞ ይሰብከዋል። ታዲያ ሁለቱ ሰዎች አንድ ቃል የሚናገሩ ከሆነ፣ አንዱን ነቢይ ሌላውን የወራሪ አፍ ያሰኘው ምንድን ነው? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ነቢያቱ ይህን ቃል ለማን እንደተናገሩት፣ መቼ እንደተናገሩትና ተናግረው ከማን ጎን እንደቆሙ ካላየን፣ ትምህርታቸውን ከራፋስቂስ ስብከት መለየት አንችልም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከአርባ ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንመለስ። በ745 ቴልጌልቴልፌልሶር ሣልሳዊ በአሦር ነገሠ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ ዘምተው፣ ዘርፈው፣ ግብር ጥለው ይመለሱ ነበር። እርሱ ያሸነፈውን አገር የአሦር ግዛት አድርጎ ገዥ ይሾምበት ጀመር፤ ሕዝብን ከአገሩ ነቅሎ በሌላ ምድር ማስፈርንም የመንግሥቱ ቋሚ ሥራ አደረገው። በዚያ ዘመን የሶርያው ንጉሥ ረአሶንና የእስራኤሉ ንጉሥ ፋቁሔ ተባብረው በይሁዳው ንጉሥ በአካዝ ላይ ዘመቱ። አካዝ የሕዝቅያስ አባት ነው። ኢሳይያስ ልጁን ይዞ ሊያገኘው የወጣበትን ስፍራ መጽሐፉ በጥንቃቄ ያመለክታል፤ በላይኛው ኩሬ መስኖ አጠገብ፣ በልብስ አጣቢው እርሻ መንገድ ላይ ነው። ራፋስቂስ በኋላ የቆመበት ስፍራ ማለት ነው። መጽሐፉን ያቀናበረው ሰው ሁለቱን ትዕይንቶች አጠገብ ለአጠገብ እንድናያቸው የፈለገ ይመስለኛል።

ኢሳይያስ አካዝን አትፍራ፣ ታገሥ ብሎ መከረው። አካዝ ግን ከቤተ መቅደሱና ከቤተ መንግሥቱ ብርና ወርቅ አውጥቶ ለአሦር ንጉሥ ላከ፤ ራሱንም የአሦር ባሪያና ልጅ ብሎ ጠራ። አሦር ደማስቆን መታ፤ አካዝም ለጊዜው ዳነ። ነቢዩ ግን እግዚአብሔር ከወንዝ ማዶ ምላጭ እንደሚከራይ፣ ምላጩም የአሦር ንጉሥ እንደሆነ፣ የይሁዳን ራስና ጢም እንደሚላጭ ተናገረ። አካዝ ገንዘብ ከፍሎ ያመጣው ረዳት ነው ምላጭ የሆነው። የነቢያቱ የፍርድ ትምህርት ከሰማይ ድንገት የሚወርድ መብረቅ አይደለም። በቤተ መንግሥት ከተወሰነ ውሳኔ፣ ከተላከ ብር፣ ከተፈረመ ውል ውስጥ እያደገ የሚመጣ ነው። ኢሳይያስ ፖለቲካውን ከነዝርዝሩ ያውቃል፤ የእግዚአብሔርንም እጅ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያየዋል።

በ722 የእስራኤል ዋና ከተማ ሰማርያ ወደቀች። የአሦሩ ንጉሥ ሳርጎን ዳግማዊ ባስቀረጸው ጽሑፍ ከዚያ 27,290 ሰዎች መማረኩን ይናገራል። ሰናክሬም ደግሞ በ701ዱ ዘመቻ 46 የተመሸጉ የይሁዳ ከተሞች መያዙን፣ 200,150 ሰዎች ማውጣቱን አስጽፏል። ቁጥሮቹ ተጋንነው ሊሆን ይችላል፤ የጻፋቸው ግን ኩራት ነው። ለኪሶን የወጋበትን ታሪክ በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀርጾታል፤ ቅርጹ ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ቅጥር የሚነድሉ ማሽኖች ወደ ላይ ሲወጡ፣ ሰዎች በእንጨት ላይ ተሰክተው፣ ቆዳቸው ሲገፈፍ፣ ሴቶችና ሕፃናት በበሬ ጋሪ ላይ ተጭነው ወደ ስደት ሲሄዱ፣ ንጉሡም ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ምርኮውን ሲመለከት ይታያል። የእግዚአብሔር በትር ስንል የምንናገረው ይህን ነው። ነቢያቱ ሲናገሩ ይህን ያውቁ ነበር፤ እኛም ቃሉን በአፋችን ከማንሳታችን በፊት ልናውቀው ይገባል።

የኢሳይያስ መጽሐፍ አሥረኛ ምዕራፍ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ጥልቁ ነው እላለሁ። እግዚአብሔር አሦርን በበደለኛ ሕዝብ ላይ እንደሚልክ ከተናገረ በኋላ ነቢዩ ወደ አሦር ንጉሥ ልብ ይገባል። ንጉሡ እንዲህ አያስብም ይላል፤ የእርሱ ሐሳብ ማጥፋት፣ ብዙ ሕዝቦችን መቁረጥ ነው። ሁሉን በእጄ ብርታትና በጥበቤ አደረግሁት ብሎ ይታበያል፤ የሕዝቦችን ሀብት ሰው የተተወ እንቁላል እንደሚሰበስብ እንደሰበሰበ፣ ክንፉን ያራገበ እንኳ እንዳልነበረ ይፎክራል። የአሦርን ነገሥታት ጽሑፎች ያነበበ ሰው ነቢዩ የፉከራውን ቃና እንዴት አድርጎ እንደያዘው ይገነዘባል። ቀጥሎም ኢሳይያስ መጥረቢያ በሚቆርጥበት ሰው ላይ ይታበይ ዘንድ ይችል እንደሆነ ይጠይቃል፤ በንጉሡ ትዕቢት ላይም ፍርድ ያውጃል።

እንግዲህ በአንድ ድርጊት ውስጥ ሁለት ፈቃዶች አሉ። እግዚአብሔር ሊቀጣ ይፈቅዳል፤ ንጉሡ ሊያጠፋ ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ንጹሕ አያደርገውም። አሦር መሣሪያ ሆኗልና አይጠየቅም የሚል ሐሳብ በነቢያቱ ዘንድ የለም። ኢሳይያስ ለራፋስቂስ ስድብ በሰጠው መልስ ውስጥ እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ከጥንት እንዳሰበው ሳይሸሽግ ይናገራል፤ የተመሸጉት ከተሞች የፈረሱት በእርሱ አሳብ ነው። በዚያው ንግግር በሰናክሬም አፍንጫ ስናጋ እንደሚያገባና በመጣበት መንገድ እንደሚመልሰው ያውጃል። ነቢዩ የራፋስቂስን ዐረፍተ ነገር ሐሰት ነው አላለም። በዐረፍተ ነገሩ የመጠቀም መብቱን ነው የነፈገው። ኢየሩሳሌም ያን ጊዜ አልተያዘችም። ሰናክሬም ራሱ ባስጻፈው ሕዝቅያስን በከተማው ውስጥ መዝጋቱንና ግብር መቀበሉን እንጂ ከተማዋን መያዙን አይናገርም። የወርቁን ግብር መጽሐፈ ነገሥትም የአሦሩ ጽሑፍም 30 መክሊት ይሉታል። በ681 ሰናክሬምን የገዛ ልጆቹ ገደሉት።

የባዕድ ጦርን የአምላክ ቁጣ አድርጎ ማየት የዕብራውያን ብቻ እንዳልነበረ ማወቅም ያስፈልጋል። በ1868 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ዮርዳኖስ የተገኘው የሞዓብ ንጉሥ የሞሳ ድንጋይ፣ የእስራኤል ንጉሥ ዘንበሪ ሞዓብን ብዙ ዘመን ያስጨነቃት አምላኳ ካሞሽ በምድሩ ላይ ስለተቆጣ ነው ይላል። በ1879 እ.ኤ.አ. በባቢሎን የተገኘው የቂሮስ የሸክላ ጽሑፍም ማርዱክ በባቢሎኑ ንጉሥ በናቦኒደስ ተቆጥቶ ቂሮስን እንደመረጠ ይተርካል። ሐሳቡ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ በተናጋሪውና በጊዜው ነው። ሞሳ የተናገረው ካሸነፈ በኋላ ነው፤ የአምላኩ ቁጣ ያለፈ ታሪክ ሆኖለታል። የቂሮስ ጽሑፍ ድል አድራጊው ስለራሱ ያስጻፈው ነው። የዕብራውያን ነቢያት ግን ከተማው ሳይወድቅ በፊት፣ ለራሳቸው ንጉሥ፣ ፊት ለፊት ተናገሩ። ከንግግሩም ያተረፉት ነገር የለም።

አሞጽን ተመልከቱ። በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን፣ ሰማርያ በሀብት ደልቃ፣ የአሦር ጦር ገና ሩቅ ሳለ ከቴቁሔ የመጣው በግ ጠባቂ ምርኮ እንደሚመጣ ተናገረ። ምክንያቱንም በስም ዘረዘረ፤ ድኻ በአንድ ጥንድ ጫማ ይሸጣል፣ በመያዣ የተወሰደ ልብስ ላይ በመሠዊያ አጠገብ ይተኛል፣ ፍርድ በበር ይጣመማል። የቤቴል ካህን አሜስያስ አገሪቱ ቃሉን ልትሸከም አትችልም ብሎ አባረረው። ይኸው አሞጽ እስራኤል ለእግዚአብሔር እንደ ኩሽ ልጆች፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች እንደሆኑ ይናገራል፤ ፍልስጥኤማውያንንም ሶርያውያንንም ከየነበሩበት ያወጣ እርሱ ነው። ይህን ቃል እኛ ብዙ ጊዜ ለክብራችን እንጠቅሰዋለን። አሞጽ የተናገረው ግን መመረጡን የትዕቢት ምሽግ ላደረገ ሕዝብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የክሱን ተጨባጭነት የሚያሳየኝ ኤርምያስ 34 ነው። በአሦር እግር የተተካችው ባቢሎን ኢየሩሳሌምን ከባለች። ንጉሥ ሴዴቅያስ ከሕዝቡ ጋር ቃል ኪዳን አድርጎ ዕብራውያን ባሪያዎች ሁሉ ነፃ እንዲወጡ አወጀ፤ ወጡም። ከዚያ የግብፅ ጦር መጣ ተባለና ባቢሎናውያን ከበባውን ለጊዜው ፈቱ። ጌቶቹ ወዲያው ነፃ ያወጧቸውን ሰዎች መልሰው በግድ ባሪያ አደረጓቸው። ኤርምያስ በዚያ ቀን የተናገረው አስፈሪ ነው፤ ለወንድሞቻችሁ ነፃነት ስላላወጃችሁ እግዚአብሔር ለእናንተ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለራብ ነፃነት ያውጃል የሚል ነው። በዚያው ምዕራፍ ከለኪሶና ከዓዜቃ በቀር የተመሸጉት የይሁዳ ከተሞች መውደቃቸው ተጽፏል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በለኪሶ ከተቆፈሩት በገል ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች አንዱ የዓዜቃ ምልክት እሳት እንደማይታይ ይናገራል። ኤርምያስ የሚናገርላት ዓለም እንዲህ በገል ላይ የሚጻፍ፣ እሳት የሚጠበቅባት፣ ባሪያ የሚለቀቅባትና የሚመለስባት ዓለም ናት።

ኤርምያስ የባቢሎኑን ንጉሥ ናቡከደነፆርን የእግዚአብሔር ባሪያ ብሎ ጠራ። ይህን ቃል በተከበበች ከተማ መናገር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ንጉሥ ኢዮአቄም የኤርምያስ ቃል የተጻፈበትን ጥቅልል በካራ እየቆረጠ በምድጃው እሳት ጣለው። ነቢዩ ኦርዮ ተመሳሳይ ነገር ተናግሮ ወደ ግብፅ ቢሸሽም ከዚያ ተይዞ መጥቶ ተገደለ። ኤርምያስ ራሱ የሠራዊቱን እጅ ታደክማለህ ተብሎ በጭቃ ጉድጓድ ተጣለ። ከዚያ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይጎዳው አሮጌ ጨርቅ አውርዶለት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ተረፈ ባሮክ ደግሞ ኤርምያስ አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ እግዚአብሔርን እንደለመነ፣ ሰውየውም በለስ ይዞ 66 ዓመት እንደተኛ ይተርካል። ጥፋትን የሰበከው ነቢይ የሚወደው ሰው ጥፋቱን እንዳያይ ይለምናል። ትውፊቱ የነቢዩን ልብ በሚገባ ተረድቶታል።

ከተማይቱ በ587 ወይም በ586 ወደቀች። አሁን ሁለተኛው ራፋስቂስ ይመጣል። የባቢሎን የዘበኞች አለቃ ናቡዘረዳን ኤርምያስን ከሰንሰለት ፈቶ፣ እግዚአብሔር ይህን ክፉ ነገር እንደተናገረ አመጣው፣ እርሱን ስለበደላችሁ ይህ ደረሰባችሁ ይለዋል። ቃል በቃል የኤርምያስ ስብከት ነው። አርባ ዓመት ያህል ያልተሰማለት ነቢይ፣ በመጨረሻ ትክክል ነበርህ የሚለው ሰው ያገኘው ከተማውን ካቃጠለው ጦር መካከል ነው። ናቡዘረዳን ወደ ባቢሎን ቢመጣ በመልካም እንደሚጠብቀው ነገረው፤ ካልፈለገም ወደሚወደው እንዲሄድ ፈቀደለት። ኤርምያስ ስለ ትክክለኛነቱ አንድም ቃል አልተናገረም። ተነሥቶ ወደ ምጽጳ፣ ባቢሎን በቀረው ሕዝብ ላይ ወደሾመው ወደ ጎዶልያስ ሄደ፤ በምድር ከቀሩት ድኾች ጋርም ተቀመጠ። ጎዶልያስ ተገደለ። ሕዝቡ በፍርሃት ወደ ግብፅ ሲሸሽ፣ አትሂዱ ያላቸውን ነቢይ አብረው ይዘውት ሄዱ።

ለእኔ ነቢዩን ከራፋስቂስ የሚለየው ይህ ነው። ትንቢቱ ሲፈጸም የተሸነፉት መካከል ይገኛል።

ለመሆኑ ነገሩ በዚህ ይቋጫል? አይቋጭም፤ እንዲቋጭ ያልፈቀደውም ራሱ ከነቢያት አንዱ ነው። ዕንባቆም በመጀመሪያ የጮኸው በገዛ አገሩ ግፍ ላይ ነበር፤ ሕግ ላልቷል፣ ፍርድ ተጣሟል፣ እስከ መቼ? መልሱ መጣለት፤ ከለዳውያንን፣ ማለትም ባቢሎናውያንን፣ አስነሣለሁ የሚል። በዚህ መልስ ዕንባቆም አልተጽናናም። ቀድሞ ከነበረው የባሰ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። ዓይኑ ክፉን ከማየት የነጻ አምላክ፣ ክፉው ከእርሱ ይልቅ ጻድቅ የሆነውን ሲውጠው ስለምን ዝም ይላል? ሰዎች እንደ ባሕር ዓሣ ሆነዋል፤ ወራሪው በመረቡ ይሰበስባቸዋል፤ ከዚያም ለመረቡ ይሠዋል። ለገዛ ጦር ኃይሉ ይሰግዳል ማለት ነው። ዕንባቆም ይህን ከተናገረ በኋላ በመጠበቂያው ላይ ቆሞ ለክርክሩ የሚሰጠውን መልስ ሊያይ ይጠብቃል። የተሰጠው መልስ ጻድቅ በእምነቱ እንደሚኖርና ከተማን በደም ለሚሠራ ወዮለት የሚል ነው፤ ጊዜውን ግን አይናገርም። ይህ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከነቢያት ጋር መቆጠሩ ትልቅ ነገር ነው። በትሩ በጣም ከባድ ነው ብሎ እግዚአብሔርን መሟገት ከእምነት ውጭ አይደለም ማለት ነው።

ክርክሩ ሰሚም አግኝቷል። ኢሳይያስ 47 ላይ እግዚአብሔር ባቢሎንን ይከስሳል፤ ሕዝቤን በእጅሽ ሰጠሁ፣ አንቺ ግን አልራራሽላቸውም፣ በሽማግሌዎች ላይ ቀንበርሽን አከበድሽ ይላታል። ዘካርያስም እግዚአብሔር ጥቂት ብቻ ተቆጥቶ ሳለ አሕዛብ ክፋቱን እንዳበዙት ይናገራል። አብድዩ ደግሞ በትር ያልያዘውን ይከስሳል፤ ኤዶምያስ በወንድሙ ጥፋት ቀን ቆሞ ተመልክቷል፣ ደስ ብሎታል፣ በመስቀለኛ መንገድ ቆሞ ያመለጡትን አሳልፎ ሰጥቷል። የኢየሩሳሌም መውደቅ የእግዚአብሔር ፍርድ መሆኑ ለኤዶምያስ ማመካኛ አልሆነውም።

በእኛ አገር ድርቅ ሲገባ፣ ጦርነት ሲነሣ፣ ወረርሽኝ ሲመጣ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ማለት የተለመደ ነው። ሰው ይህን ስለራሱ ሲናገር፣ ራሱን መርምሮ፣ የበደለውን ክሶ፣ የወሰደውን መልሶ ከሆነ፣ ከነቢያቱ ጎን ነው። እናቱ የሞተችበትን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን፣ ከቀዬው የተፈናቀለውን ሰው ከሩቅ ሆኖ በኃጢአትህ ነው የሚለው ግን በቅጥሩ ሥር የቆመው ራፋስቂስ ነው፤ በአይሁድ ቋንቋ ይናገራል፣ የነቢዩንም ቃል ይጠቅሳል። ይህን ስብከት ከመድረክ ስሰማ እጅግ ያመኛል። በተለይ የሚነገረው በአንዱ ወገን ላይ ብቻ ሲሆን፣ ተናጋሪውም የወገኑን ባሪያ አስመላሾች አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠቅስ ሲቀር ያመኛል።

የአሦር ዋና ከተማ ነነዌ በ612 በባቢሎናውያንና በሜዶናውያን እጅ ወደቀች። ስለ ውድቀቷ ናሆም የተናገረው የተጨቆነ ሕዝብ የዕፎይታ ጩኸት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም፣ የለኪሶን ቅርጽ ያየ ሁሉ ይረዳዋል። ነገር ግን በዚያው በአሥራ ሁለቱ ነቢያት መጽሐፍ ውስጥ ዮናስም አለ። ዮናስ በዚያችው ከተማ ምሕረት ላይ ይቆጣል፤ እግዚአብሔርም ቀኛቸውንና ግራቸውን የማያውቁ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት እንዳሉባት ያስታውሰዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከዐቢይ ጾም በፊት ሦስት ቀን የነነዌን ጾም ትጾማለች። በበትሩ ከተማ ስም ንስሐ እንገባለን። አስተዋላችሁት እንደሆነ አላውቅም፤ ምሳሌ ሆኖ የቀረበልን የወራሪዋ ከተማ ሕዝብ ነው።

ኢሳይያስ 19 ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ከግብፅ ወደ አሦር መንገድ እንደሚሆን፣ ሁለቱ አብረው እንደሚያመልኩ፣ እስራኤልም ከእነርሱ ጋር ሦስተኛ ሆኖ በምድር መካከል በረከት እንደሚሆን ይናገራል። እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሚሰጣቸውን የማዕረግ ስሞች ለሦስቱም ያከፋፍላቸዋል፤ ግብፅን ሕዝቤ፣ አሦርን የእጄ ሥራ ብሎ ይጠራል። ይህን የጻፈው እጅ ኢየሩሳሌም የተከበበችበትን ዓመት የማያውቅ እጅ አይደለም። የትንቢቱን ፍጻሜ እስከ ዛሬ አላየነውም፤ ከዓባይ እስከ ኤፍራጥስ ባለው ምድር ላይ ዛሬም ጦር እየተሰበቀ ነው። እንዲፈጸም የሚጸልዩ ሰዎች ግን በኢየሩሳሌምም፣ በካይሮም፣ በሞሱልም አሉ። እኔም ከእነርሱ ጋር እጸልያለሁ።